ማልዲኒ ግራኝ አልነበረም

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ኮች እንደምን ነዎት? ታናሽ ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው። የታዳጊ ቡድን ውስጥ ቀኝ ተመላላሽ ሆኖ ነው ያደገው። አዲሱ አሠልጣኝ መጥቶ ወደ ግራ ወሰደው። የሚጫወተው በቀኝ እግሩ ነው እኮ! ልጁ ተናዶ ቡድን ልቀይር እያለ ነው። አባታችን የድሮ የሚላን ደጋፊ ነው። ‹ማልዲኒ 25 ዓመት አንድ ክለብ ተጫውቷል፣ አንተ አንድ ወር መታገሥ አቃተህ?› እያለ ይቆጣዋል። ወንድሜ ደግሞ ‹ማልዲኒ ግራኝ ነበር፣ የራሱን ቦታ ነው የተጫወተው› ብሎ ይመልሳል። ሰውዬው እውነት ያን ያህል ዘመን እንዴት ቆየ? ለወንድሜስ ምን ልበለው?»

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ልቤን ነክቶታል። ከታዳጊዎች ጋር ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን ክርክር ከሜዳ ዳር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልነግርህም። አባትህ ስለ ክለቡ ትክክል ናቸው። ወንድምህ ግን ስለ እግሩ ተሳስቷል። መልሱም ያለው እዚያው ስህተቱ ውስጥ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ፓኦሎ ማልዲኒ ግራኝ አልነበረም። የተፈጥሮ እግሩ ቀኝ ነው። የመጀመሪያ ቦታውም ቀኝ መስመር ነበር፣ ልክ እንደ ወንድምህ።

ለዋናው ቡድን መጀመሪያ የተሰለፈው ጥር 20 ቀን 1985 ነው። ጨዋታው ኡዲኔ ከተማ ላይ ከኡዲኔዜ ጋር ነበር። ሰርጂዮ ባቲስቲኒ ተጎድቶ ወጣ። ከእረፍት መልስ የ16 ዓመቱ ልጅ ተቀይሮ ገባ። ግጥሚያው 1 ለ 1 አለቀ። ያኔ ያስገባው አሠልጣኝ ስዊድናዊው ኒልስ ሊድሆልም ነው። ሊድሆልም በተጫዋችነት ዘመኑ ከልጁ አባት ከቼዛሬ ማልዲኒ ጋር ለዚሁ ክለብ ተሰልፏል። አስበው፤ አባትህ የሚላን አምበል ሆኖ በ1963 ዌምብሌይ ላይ ቤንፊካን 2 ለ 1 አሸንፎ የአውሮፓ ዋንጫ (የዛሬውን ሻምፒዮንስ ሊግ) ያነሳ ሰው ነው። የሚያሠለጥንህ የአባትህ የድሮ ጓደኛ ነው። ኳስ በነካህ ቁጥር ሰው «የቼዛሬ ልጅ» ብሎ ይመዝንሃል። ይህ ሸክም ነው። ወንድምህ ላይ ካለው ጫና ጋር ባይመሳሰልም፣ «ቦታውን በአባቱ ስም ሰጡት እንጂ ራሱ አላመጣውም» እንዳይባል ሲል ልጁ ስንት እንደሠራ መገመት አይከብድም።

ችግሩ ምን መሰለህ? ቀኝ መስመር ላይ ማውሮ ታሶቲ አለ። ታሶቲ ጠንካራ ነው፣ ልምድ አለው፣ ማንም አይነቀንቀውም። ግራው ላይ ክፍት ቦታ አለ። ልጁ ወደ ግራ ሄደ። ታሪኩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ግራ እግሩን ሠራው፣ ሠራው፣ በመጨረሻ ብዙ ተመልካች ግራኝ እስኪመስለው ድረስ አደረሰው። ወንድምህም የተታለለው በዚሁ ነው። አልፈርድበትም፤ ቪዲዮ ብቻ ያየ ሰው ሁሉ እንደዚያ ያስባል።

አሁን ሙያዊ ወደሆነው ነገር ልግባ። ወንድምህ ይህን ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል።

ግራ ተመላላሽ ፊቱን ወደ ተጋጣሚ ሲያዞር የሜዳው መስመር በግራው ነው፣ የሜዳው መሀል በቀኙ ነው። የተጋጣሚ የመስመር አጥቂ ሁለት መንገድ አለው። ወይ በመስመሩ ይወርዳል፣ ወይ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። የቱ ያስፈራል? ወደ ውስጥ የሚቆርጠው ነው። ግቡ ያለው እዚያ ነዋ። ይህን መንገድ የሚዘጋው የግራ ተመላላሹ የትኛው እግሩ ነው? ቀኙ! ቀኝ እግሩ የሆነ ልጅ ግራ ላይ ሲቆም ጠንካራ እግሩ የሚጠብቀው አደገኛውን በር ነው። አጥቂውን ወደ መስመር ይገፋዋል፣ እዚያ ያጣብበዋል፣ ያዘገየዋል። ቀላል ጥቅም አይደለም።

ጉዳቱም አለ፣ አልደብቅም። ኳስ ይዞ ሲወጣ መስመሩን ይዞ በግራ እግሩ ማሻማት ይከብደዋል። ኳሱን ወደ ቀኝ እግሩ ለመመለስ ይቆማል፣ እሱ ሲቆም ማጥቃቱም ይቆማል። ስለዚህ ግራ እግሩ የግድ መሠራት አለበት። ማልዲኒ ያደረገው ይኸው ነው። ኳሱ ወደ ውስጥ ሲመጣ በቀኝ፣ ወደ መስመር ሲወጣ በግራ። ሁለት በር ያለው ቤት ማለት ነው።

እኔ ራሴ በወንድምህ ዕድሜ አሠልጣኜ ከአማካይ ወደ ተከላካይ ሲያወርደኝ ሦስት ሳምንት አኩርፌ ልምምድ ቀርቻለሁ። የመለሰኝ ሰው አልነበረም። ስመለስ ቦታው በሌላ ልጅ ተይዞ ነበር። ዛሬም ያንገበግበኛል። ለወንድምህ ይህን ያህል የምጽፈው ለዚያ ነው።

ወደ ሚላን እንመለስ። በ1986 ሲልቪዮ ቤርሉስኮኒ ክለቡን ገዛ። በ1987 አሪጎ ሳኪ አሠልጣኝ ሆኖ መጣ። ሳኪ ራሱ ትልቅ ተጫዋች ያልነበረ ሰው ነው። ይዞት የመጣው ሐሳብ ግን የጣልያንን ኳስ አናወጠው። ያኔ ጣልያን ውስጥ ተከላካይ ማለት አንድ አጥቂ ይሰጠዋል፣ እስከ መጨረሻው እንደ ጥላ ይከተለዋል። ሳኪ ይህን ጣለው። አራቱ ተከላካዮች በአንድ ገመድ እንደታሰሩ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ፣ አጥቂውን ከጨዋታ ውጭ ያደርጉታል። ታሶቲ፣ ባሬሲ፣ ኮስታኩርታ፣ ማልዲኒ። እኔ በሕይወቴ ከዚህ የተሻለ የኋላ መስመር አላየሁም።

ሳኪ ደጋግሞ የተናገረው አንድ የልምምድ ታሪክ አለ። ግብ ጠባቂውንና አራቱን ተከላካዮች በአንድ በኩል ያቆማል። በሌላ በኩል አሥር ተጫዋቾች፤ ከመካከላቸው ጉሊት፣ ቫን ባስተን፣ ራይካርድ አሉ። አሥሩ ግብ እንዲያስቆጥሩ ሩብ ሰዓት ይሰጣቸዋል። አያስቆጥሩም። አምስት ለአሥር፣ ያውም ከነቫን ባስተን ጋር! አምስቱ የሚያሸንፉት በሩጫ አይደለም። ማን የት እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚወጣ፣ ክፍተቱ የት ሊፈጠር እንደሆነ ቀድመው ስለሚያውቁ ነው። ማልዲኒ ይህን የተማረው ገና በ19 እና በ20 ዓመቱ ነው። እግር በዕድሜ ይደክማል። ቀድሞ ማየት ግን ዕድሜ ሲጨምር ይጨምራል። 41 ዓመት እስኪሞላው ያቆየው ዋናው ስንቅ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዋንጫው ተከታትሎ መጣ። በ1988 የሊጉ ሻምፒዮን ሆኑ። በ1989 ባርሴሎና ከተማ ላይ ስቴዋ ቡካሬስትን 4 ለ 0፣ በ1990 ቪየና ላይ ቤንፊካን 1 ለ 0 አሸንፈው የአውሮፓ ዋንጫን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ወሰዱ። ከዚያ ፋቢዮ ካፔሎ ተተካ። በሱ ጊዜ ሚላን በሴሪ አ፣ ማለትም በጣልያን ከፍተኛ ሊግ፣ 58 ጨዋታ ሳይሸነፍ ተጓዘ። በ1993/94 የውድድር ዘመን በ34 ጨዋታ የገባበት 15 ግብ ብቻ ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ለወንድምህ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ግንቦት 18 ቀን 1994 የሆነው ነገር ነውና።

የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ነው፣ አቴንስ ላይ። ተጋጣሚው የዮሃን ክራይፍ ባርሴሎና ነው፤ ሮማሪዮና ስቶይችኮቭ አሉበት። አብዛኛው ሰው ባርሴሎና ያሸንፋል ብሏል። ሚላን ደግሞ ሁለቱን የመሀል ተከላካዮቹን፣ ባሬሲንና ኮስታኩርታን፣ በቅጣት አጥቷል። ካፔሎ ምን አደረገ? ማልዲኒን ከግራ አንሥቶ መሀል ከፊሊፖ ጋሊ ጎን አቆመው። ግራውን ለወጣቱ ፓኑቺ ሰጠው። ማልዲኒ በዚያን ጊዜ ምናልባት የዓለም ምርጡ የግራ ተመላላሽ ነው። «የኔ ቦታ አይደለም» ማለት ይችል ነበር። ገብቶ ሮማሪዮን ያዘ። ሚላን 4 ለ 0 አሸነፈ። አንዲት ግብ እንኳ አልገባበትም።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ከብራዚል ጋር ሲደረግም ማልዲኒ የተሰለፈው መሀል ነው፤ ከባሬሲ ጎን። ያው ሮማሪዮ ፊት ለፊቱ ነበር። 120 ደቂቃ ያለ ግብ ተጠናቆ ጣልያን በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈች። በዓመቱ መጨረሻ ወርልድ ሶከር መጽሔት የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ብሎ መረጠው። ሽልማቱን ያገኘ የመጀመሪያው ተከላካይ እሱ ነው።

እንግዲህ ቁጠር። ቀኝ ጀመረ፣ ግራ ሄደ፣ መሀል ገባ። በአንድ ክለብ ቆየ፣ በአንድ ቦታ ግን አልቆየም። ያን ሁሉ ዘመን እንዴት ቆየ ላልከኝ የኔ መልስ ይህ ነው። ሰው ክለብ ሲቀይር አዲስ ነገር ያገኛል፤ አዲስ አሠልጣኝ፣ አዲስ ፈተና፣ አዲስ ትምህርት። ማልዲኒ ያንን ሁሉ እዚያው ቤቱ ውስጥ አገኘው። ቡድኑ በየጊዜው ሌላ ነገር ይጠይቀዋል፣ እሱም ይማራል።

መጥፎ ዓመት አልነበረም ብለህ እንዳታስብ። በ1996/97 ሚላን 11ኛ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት 10ኛ። ሳኪም ተመልሶ መጣ፣ ካፔሎም ተመልሶ መጣ፣ ሁለቱም አልቻሉም። ባሬሲ በ1997 ጫማውን ሰቀለ። የአምበልነቱ ጨርቅ ለማልዲኒ ተሰጠ። 29 ዓመቱ ነበር፤ ለመሄድ የተመቸ ዕድሜ ነው። ከቦስማን ውሳኔ በኋላ፣ ማለትም ከ1995 ወዲህ፣ ውሉን የጨረሰ ተጫዋች ያለ ዝውውር ክፍያ ወደፈለገበት የአውሮፓ ክለብ መሄድ ይችላል። ዘመኑ የመሄድ ዘመን ሆኗል። እሱ ቀረ። በ1999 ሻምፒዮን ሆኑ።

ስለ አባትህ ደግሞ አንድ ነገር ልበል፣ በአክብሮት። ማልዲኒን እያነሡ ልጁን መቆጣት ትንሽ ያዳላል። ሚላን ሀብታም ክለብ ነበር። ያደገበት ከተማ ነው። አባቱ የክለቡ ታሪክ ነው። ቀን ሲከፋም የሚቀጥለው ቀን ጥሩ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ነገር ነበረው። እንደዚህ ያለ ቤት የሌለው ልጅ ቢሄድ አይፈረድበትም። እኔ ወንድምህን ቆይ የምለው ሌላ ምክንያት ስላለኝ ነው፣ እመጣበታለሁ።

የ2002 ነገር ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። በዚያ ዓመት ሰኔ 18፣ በዓለም ዋንጫው፣ ደቡብ ኮሪያ ጣልያንን በወርቃማ ግብ፣ ማለትም በተጨማሪ ሰዓት ገብታ ጨዋታውን ወዲያው በምታበቃ ግብ፣ አስወጣቻት። ግቧን በጭንቅላት ያስቆጠረው አን ጁንግ ሁዋን ከማልዲኒ በላይ ዘሎ ነው። መራራ ፍጻሜ ነው። ማልዲኒ 126 ጊዜ ለሀገሩ ተሰልፎ ከብሔራዊ ቡድን ራሱን አገለለ። ዕድሜው 34 ገደማ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ጣልያን የዓለም ዋንጫን ስታነሳ እሱ የለም። ዋጋ ከፍሏል ማለት ነው። ግን ያ ውሳኔ ሰባት ተጨማሪ የክለብ ዓመታት ሰጠው። እኛ ሙያ ላይ ያለን ሰዎች እንደምናውቀው፣ ለተጫዋች ከልምምድ ያልተናነሰው መድኃኒት እረፍት ነው። በየበጋው ውድድር፣ በየሁለት ወሩ ጉዞ ያለበት አካል አይጠገንም።

በዚያው በ2002 ሁለት ነገር ረዳው። አንደኛ፣ አሌሳንድሮ ኔስታ ከላዚዮ መጣ። ፈጣን ነው፣ ግሩም ተከላካይ ነው። ከጎኑ እንዲህ ያለ ሰው ያለው ልምድ ያለው ተጫዋች እግሩን ይቆጥባል። ሁለተኛ፣ ክለቡ ሚላኔሎ በሚባለው የልምምድ ማዕከሉ ውስጥ ሚላን ላብ የሚባለውን የአካል ብቃት ክትትል ክፍል ከፈተ። ተጫዋቹ ከመጎዳቱ በፊት የአካሉን ሁኔታ እየለኩ ጉዳቱን ለመከላከል ነው ሥራው። ኮስታኩርታም በዚሁ ቤት 41 ዓመት እስኪሞላው ተጫውቷል። እንግዲህ የማልዲኒ ዕድሜ ብቻውን የወደቀ ተአምር አይደለም። ቤቱ ሽማግሌ ተጫዋች መያዝ ያውቅበት ነበር።

ግንቦት 28 ቀን 2003 ማንቸስተር ላይ፣ በኦልድ ትራፎርድ፣ ሚላን ጁቬንቱስን በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፈ። ማልዲኒ መሀል ከኔስታ ጋር ተሰልፎ ነው የተጫወተው። ዋንጫውን በአምበልነት አነሳ። አባቱ በዚያው በእንግሊዝ ምድር፣ በአምበልነት፣ ዋንጫውን ካነሳ ልክ 40 ዓመቱ ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ አንድ ነገር ይሰማኛል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኢስታንቡል ላይ ከሊቨርፑል ጋር ሲጫወቱ፣ በ36 ዓመቱ፣ እንደገና ግራ መስመር ላይ ተሰልፏል። መሀሉን ስታምና ኔስታ ይዘውታል። አየህ፣ «እኔ አሁን የመሀል ተከላካይ ነኝ፣ መስመር ላይ መሮጥ ለልጆች ነው» አላለም። ጨዋታው እንዴት እንዳለቀ ዓለም ያውቀዋል። 3 ለ 0 መርተው 3 ለ 3 ሆነ፣ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፉ። በ2007 ሁለቱ ቡድኖች ዳግም ተገናኙ። አቴንስ ላይ፣ ከ13 ዓመት በፊት ባርሴሎናን 4 ለ 0 ባሸነፉበት በዚያው ስታዲየም። ፊሊፖ ኢንዛጊ ሁለት አገባ፣ 2 ለ 1። ማልዲኒ 39 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው መሀል ተሰልፎ አምስተኛ የአውሮፓ ዋንጫውን አነሳ።

ቁጥሩን አንዴ ልበለው። 25 የውድድር ዘመን፣ 902 ጨዋታ፣ ሰባት የሊግ ዋንጫ፣ ስምንት የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ። በየዓመቱ በአማካይ 36 ጨዋታ ማለት ነው። በሴሪ አ ብቻ 647 ጊዜ ተሰልፏል። ይህን ክብረ ወሰን ግብ ጠባቂው ቡፎን የሰበረው በ2020 ነው።

ስንብቱ ግን እንደሚገባው አልነበረም። ግንቦት 24 ቀን 2009፣ ሳን ሲሮ ላይ፣ ሚላን በሮማ 3 ለ 2 ተሸነፈ። ማልዲኒ ሜዳውን እየዞረ ሲሰናበት በኩርቫ ሱድ፣ ማለትም በስታዲየሙ ደቡብ ጥግ፣ ከሚቀመጡት የክለቡ ቀንደኛ ደጋፊዎች መካከል ያፏጩበት ነበሩ። የባሬሲን ስም አንሥተው አምበል አንድ ብቻ ነው የሚል ነገር አሳዩ። ከነሱ ጋር የቆየ ቅሬታ ነበረው፤ ሊያጎበድድላቸው ፈቃደኛ አልነበረም። ሌላው ስታዲየም ቆሞ እያጨበጨበ ይህ ሆነ። ከሳምንት በኋላ ፍሎረንስ ላይ የመጨረሻውን ጨዋታ አደረገ። የፊዮረንቲና ደጋፊዎች በጭብጨባ ሸኙት። የባላጋራ ሜዳ ያከበረውን ሰው የራሱ ሜዳ ጥግ አፏጨበት። እስካሁን ያሳዝነኛል።

ክለቡ 3 ቁጥር ማሊያውን ከአገልግሎት አወጣው። ልጆቹ ለዋናው ቡድን ከደረሱ ግን ሊለብሱት ይችላሉ ተባለ። ታናሹ ልጁ ዳንኤል በ2020 ለሚላን ተሰልፏል። አጥቂ ነው፤ ሌላ ቁጥር ለብሶ ነው የተጫወተው።

አሁን ወንድምህ። አሠልጣኙ ለምን ወደ ግራ እንደወሰደው ጠይቋል? ጠርጥሬ ነው፣ ልጆች ይህን አይጠይቁም። ከልምምድ በኋላ ብቻቸውን ሲሆኑ በትሕትና ይጠይቀው። «ኮች፣ ግራ ላይ ከኔ ምን ነው የምትፈልገው?» ይበለው። አሠልጣኙ ጥርት ያለ መልስ ከሰጠው፣ እዚያው ይቆይ። ቆይ የምለው ለትዕግሥት ሲባል ብቻ አይደለም። በ17 ዓመቱ ሁለት መስመር ላይ መጫወት የቻለ ተከላካይ በ20 ዓመቱ ሁለት እጥፍ የመሰለፍ ዕድል አለው። አሠልጣኙ መልስ ከሌለው፣ ወይም ወንበር ላይ ለማስቀመጥ ሰበብ ፈልጎ ከሆነ፣ ያኔ ቡድን መቀየር ነውር የለበትም። አባትህንም አስረዳልኝ።

ከቆየ ደግሞ ሥራ አለው። በየቀኑ ሩብ ሰዓት፣ ግድግዳ ላይ፣ በግራ እግር ብቻ። ይምታ፣ ሲመለስለት በግራው ያቁም፣ እንደገና ይምታ። የመጀመሪያው ወር ያስጠላል፣ በሦስተኛው ወር ኳሷ ትታዘዘዋለች። ሜዳ ላይ ደግሞ ኳስ ከመቀበሉ በፊት በቀኝ ትከሻው በኩል ወደ ውስጥ ይይ። ቀኝ ተመላላሽ ሳለ የለመደው በግራ ትከሻው ማየት ስለሆነ መጀመሪያ ግራ ይገባዋል። በሸርተቴ ኳስ ለመንጠቅ አይቸኩል። አጥቂውን ያዘግየው፣ ወደ መስመር ይግፋው፣ ጓደኞቹ እስኪመለሱ ይጠብቅ።

ቪዲዮ ካየ ደግሞ የኢስታንቡሉን ፍጻሜ መጀመሪያ ይክፈት። ገና አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ፒርሎ ከቀኝ በኩል ቅጣት ምት ያሻማል። 3 ቁጥር የለበሰው የግራ ተመላላሽ ሳጥኑ ውስጥ ብቻውን ቆሞ ኳሷ መሬት ሳትነካ ይመታታል፣ ግብ ትሆናለች። እዚያች ላይ ያቁመውና በየትኛው እግሩ እንደመታት ይይ።